የሃጂ ፈትሁዲን ወንበር

ሆሳዕና
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ረሻድ፣ አሰላሙ ዓለይኩም፤

የዘንድሮው ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ዘግይቶብሃል። ተጓዥ አጥቼ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ከሆሳዕና ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው መቼም ጠፍቶ አያውቅም። አባትህ ሃጂ ፈትሁዲን (አላህ ይርሐማቸው) ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት የፕሮፌሰርነት ወንበር ውል ላይ «ወንበሩን የያዘ ሰው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በእጁ የጻፈውን ደብዳቤ ለቤተሰቤ ይልካል፤ ስልክ አይቆጠርም» ብለው ሲያስጽፉ የሕግ ክፍሉ ሰው በሆዱ ሳይስቅ አልቀረም። እኔ ዘንድሮ ገባኝ። በስልክ ቢሆን ኔትዎርኩ ተቆራረጠብኝ ብዬ እገላገልህ ነበር።

እናትህ፣ እኔም እናቴ የምላቸው ትርፊት፣ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። ባለፈው ዓርብ ልጠይቃቸው ሄጄ «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ልጁ እኮ አርባ ሊሞላው ነው አልኳቸው። «ታዲያ አርባ ሲሞላው እናት አያስፈልገውም?» ብለው አፌን አስያዙኝ። የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር ነኝ፣ እሳቸውን ግን አንድም ቀን ረትቼ አላውቅም።

«የምን ድግስ ነው የምሰማው?» ብለህ በአጎትህ ልጅ በናስረዲን በኩል አስጠይቀሃል። ድግሱ የወንበሩ ነው። የንግግር ጥበብ የፕሮፌሰርነት ወንበራችን ዘንድሮ ዐሥር ዓመት ስለሞላው ዩኒቨርሲቲው ታሪኩን በመጽሐፍ መልክ እንዳዘጋጅ አዞኛል። ስድሳ ገጽ፣ ከነፎቶው፣ እስከ መጋቢት።

ዘጠኝ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ብታነበው ትስቃለህ። አባትህ በ2005 ክረምት ጃንጥላቸውን ይዘው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ቢሮ የገቡበትን ቀን ጽፌያለሁ። ፕሬዝዳንቱ፣ አባትህ ገበያው ላይ ያላቸውን ሕንፃ ሊሰጡ መምጣታቸውን ሲሰማ፣ ወይ ላቦራቶሪ ወይ አምቡላንስ ብሎ ተስፋ አደረገ። «የለም፣ ልጆች መናገር የሚማሩበት ይሁን» አሉት። እንዲህ ያለ ትምህርት ክፍል የለንም አላቸው። «እንግዲያው ይኑራችሁ» አሉ። ደብዳቤ ሲመላለስ፣ ኮሚቴ ሲቋቋምና ሲፈርስ ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ሕንፃው ወቅፍ ሆነ፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ኪራዩ ለዘለዓለም አንድ የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር ያኖራል። የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ዓመት እንደተቀመጠበት የሆሳዕና ብርድ አባረረው። ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ «የወሬ ወንበር» እንደሚሉት ታውቃለህ፤ ይህንንም አልደበቅኩም።

ዐሥረኛው ገጽ ላይ የከምባታዋ አዲሎ ደረስኩ። አባትህ ወንበሩን ለምን አቆሙት ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዲሎ ነው፤ በውሉም ላይ በየዓመቱ መክፈቻ የአዲሎው የዕርቅ ንግግር በአማርኛ ይነበብ ብለዋል። ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ስምንት ጊዜም ተጨብጭቦልኛል። አሁን ግን እስክሪብቶዬ አልሄድ አለ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ለሥራው ረዳት ተሰጥታኛለች። ገነቴ ትባላለች፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የከምባታ ልጅ። ጎበዝ ናት፤ ጥያቄዋ ግን ይበዛል።

ወንድምህ ከድር


ጆሃንስበርግ
ጥቅምት 18 ቀን 2017

ፕሮፌሰር፣ ወዓለይኩም ሰላም፤

እኔ እንዳንተ ተቀምጬ አልጽፍም፤ ደንበኛ እየገባና እየወጣ ነው የምጽፈው። እዚህ ሙቀት ገብቷል፣ እኔ ደግሞ መቶ ብርድ ልብስ አስመጥቼ ተቀምጬበታለሁ። አባዬ ቢያዩኝ ከነጋዴ ዘር ፍቀውኝ ነበር።

ዐሥረኛው ገጽ ይህን ያህል አያስጨንቅህ። በ2004 የመኪና አደጋ ደረሰ፣ አዲሎ ላይ ዕርቅ ወረደ፣ ንግግሩ አማረ፣ ሃጂ ተደነቁ። ሦስት መስመር ይበቃዋል። ድግስ ላይ ማን ገጽ ይቆጥራል? ፎቶውን አይተው ኬክ ወዳለበት ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አንተ ሰው ስታነሣ እስከ አያቱ ነው የምትጠራው። ባለፈው ዓመት የዘበኛውን ልጅ ሠርግ ስትነግረኝ የሙሽራዋን አጎት ሳይቀር ጠርተህልኛል። የዚህችን ረዳትህን ስም ግን ብቻውን ጽፈህ አለፍክ።

የማን ልጅ ናት?

ረሻድ


ሆሳዕና
ኅዳር 21 ቀን 2017

ረሻድ፣

አዎ። ገነቴ ዳኘ ናት።

ስሟን በተማሪዎች ዝርዝር ላይ ያየሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በከምባታ ዳኘ የሚባል ሰው ሞልቷል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሁሉንም ተማሪ ከየት መጣህ ከየት መጣሽ እያልኩ እጠይቃለሁ፤ እሷን ብቻ ጠይቄ አላውቅም።

አንተና እኔ በዚህ ነገር ላይ ዐሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ አትቆጣ፤ አንድ ቀን በወረቀት ላይ መስፈር አለበት፤ በመጀመሪያ ላንተ ልጻፈው።

የአባትህን የጭነት መኪና ይዘህ ከሶዶ ስትመለስ፣ አዲሎ ልትገባ ትንሽ ሲቀርህ፣ የወደቀ ስልክህን ከእግርህ ሥር ልታነሣ አጎነበስክ። ቀና ስትል ሰው ገጭተህ ገድለህ ነበር። ዳኘ ከአስፋልቱ ውጪ በቀኝ በኩል፣ ለጸሎት ቤታቸው ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። ይህን አንተው ነህ የነገርከኝ፤ ዕርቁ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በናስረዲን ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ እያለቀስክ።

በዕርቅ ላይ በዳይ አይናገርም። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይናገርለታል። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ከምባትኛ አይችሉም ነበር፤ የእኔ እናት የከምባታ ልጅ ስለሆነች በሃያ ሰባት ዓመቴ በሽማግሌ ቦታ አቆሙኝ። ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። እውነተኛ ሽማግሌ የሚናገረው ነገ ከተበዳዩ ጋር ለቅሶ ቤት እንደሚገናኝ እያሰበ ነው። እኔ የተናገርኩት ለመርታት ነው።

የሟች ወገኖች ፊታቸው አልፈታ አለኝ። ያኔ «ከአረቄ ቤት ሲወጣ ያዩት ሰዎች አሉ፤ ይህን የምለው ሟችን ለመውቀስ ብዬ አይደለም» አልኩ። ማንም አላየውም። እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት። ዳኘ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ነበር፤ መጠጥ በእነሱ ዘንድ እንደ እኛው ነው፣ አይነካም። እንደተናገርኩ የሁሉም ፊት ወደ መሬት ሲዞር አየሁ። ልባቸው የራራ መሰለኝ። አፍረው ነበር። በዕርቅ መሐል «ማን አየው?» ብሎ የሚነሣ ሰው ደግሞ ዕርቅ አፍራሽ ይባላልና ማንም አልተነሣም።

አባትህ ከምባትኛ አይሰሙም። ቃሌን አልሰሙም፣ የሰዎቹን ፊት ነው ያዩት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ገንዘቤ ያልመለሰልኝን ልጅ ቃል መለሰልኝ፤ በአማርኛ ጻፍልኝ» አሉኝ። ስጽፍላቸው ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘለልኳት። ቢያነቧት ዕርቁን ራሳቸው ያፈርሱት ነበር። አንተ ግን የዚያ መንገድ ሾፌር ነበርክ፣ ከምባትኛ ትሰማለህ። ሰምተሃል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። ለታሪኩ ዋናውን ቅጂ ማግኘት አለብን ብላ ናስረዲን ጋ ሄደች። ናስረዲን ያን ዕለት በስልኩ ቀድቶት ነበርና በደስታ ሰጣት፤ እንዲያውም ምሳ ጋበዛት። ከምባትኛውን በግራ፣ የእኔን አማርኛ በቀኝ አድርጋ ጽፋ አመጣችልኝ። በግራ በኩል አንድ መስመር አለ፤ በቀኝ ባዶ ነው።

«መምህር፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎድሏል» አለችኝ።

ትርጉም ላይ ይህ ያጋጥማል አልኳት። እንደዚያ ብዬ ስመልስላት አፌን የጠላሁትን ያህል ምንም ጠልቼ አላውቅም።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች፤ «ሌላውን ንግግር አላስታውስም። ይቺን ግን አስታውሳለሁ። ማን እንዳየው ልጠይቅዎት ብዬ ነው እዚህ ትምህርት ክፍል የገባሁት።»

ከድር


ጆሃንስበርግ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017

ከድር፣

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንዷ ደንበኛ እየጠራችኝ ስታጣኝ ሄደች። «ሰምተሃል» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ በአንድ መስመር ብትጽፋት ይሻልህ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወደ እሷ የሚወስድ መንገድ ነው። ጎበዝ ነህ መቼም።

አዎ ሰምቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ ቀና ብዬ «ውሸት ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ግን ያቺን ውሸት ማን ጠየቀህ? እኔ ጠየቅኩህ? እስር ቤት ብገባ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነበር። ይኸው አንተ አድነኸኝ ዐሥራ ሦስት ዓመት ታስሬ አለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ የወጋነውም አልረሳንም፤ የእኛ ተረት የት አለ?

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አባዬ ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው በስልክ ጠሩኝ። ድምፃቸው እየደከመ «ረሻድ፣ ያ ልጅ ያን ዕለት ምን ብሎ ነው ያሳመናቸው? ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሰው የሚያሳምን ነገር አላገኘሁበትም» አሉኝ። አየህ? ሱቅ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የቆመ ሰው ዕቃ ሲጎድል ያውቃል። እኔም «እውነቱን ነው የነገራቸው፣ አባዬ» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። መጨረሻ የሰሙት የእኔ ቃል እሱ ነው።

አሁን «በወረቀት ላይ መስፈር አለበት» ስትል በመጽሐፍ ይውጣ ማለትህ ነው። እናቴ በሕይወት አሉ። በየመንገዱ «የሃጂ ወቅፍ» እያሉ ሰዎች ሲመርቋቸው ውለው ነው የሚገቡት። በሐሰት ላይ የቆመ ሶደቃ ነበር ብለህ ልትነግራቸው ነው? እስቲ አንተው ንገረኝ፤ ልጅቷ ምን ትፈልጋለች? ካሳ ከሆነ ዕዳው የኔ ነው፣ እከፍላለሁ። ሌላ ነገር ከሆነ አላውቅም።

ለማንኛውም ለመጋቢት መጀመሪያ ትኬት ቆርጫለሁ። ፊት ለፊት እንነጋገራለን።

ረሻድ


ሆሳዕና
ጥር 14 ቀን 2017

ወንድሜ ረሻድ፣

በመምጣትህ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅህም። ለናስረዲን ነግሬው ሱቁ ውስጥ ጨፈረ። እናታችን ትርፊትም ሰምተው ክፍልህን ቀለም አስቀብተዋል፤ ለምን እንደምትመጣ ግን አልነገርኳቸውም፤ ለድግሱ ነው ብለው ያምናሉ።

ልጅቷ ምን ትፈልጋለች ብለሃል። ካሳ አላነሣችም። «ታሪኩን እንዲጽፉ ታዘዋል፤ ይጻፉት» ነው ያለችኝ።

እኔም ጻፍኩት። ዐሥረኛውን ገጽ አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዱማ በጣም ያምራል። ያነበበ ሰው አልቅሶ ይቅር እንዲለኝ አድርጌ ነው የሠራሁት። ያንኑ መርጬ ለገነቴ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችና «ይኼም ንግግር ነው፣ መምህር» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ብወድቅም እንኳ እየተጨበጨበልኝ ልወድቅ ነበር የፈለግኩት፤ አይታብኛለች።

ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ። ዕርቁ በወረደ በሳምንቱ እሑድ እናቷ ጸሎት ቤት ስትገባ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዝም አሉ። ክፉ የተናገራት የለም። ዝም ብቻ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ፣ የባሏን ስም የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው የምትጸልየው። ገነቴ እናቷ ስለ አባቷ ስታወራ ሰምታ አታውቅም። ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ሲሏት ወሬ ትቀይራለች። አስበው፤ ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በእኔ ንግግር ነው።

እናቷ ዘንድ መልእክት እንድታደርስልኝ ብለምናት «በእኔ በኩል አይሆንም» አለችኝ። ስለዚህ እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ሴትየዋ በር ላይ ቆማ ሰማቻቸውና እንዲህ ብላ መለሰቻቸው፦ «ሽማግሌ አልፈልግም። ያንን ያመጣብኝም ሽማግሌ ነው። የተናገረው ሰውዬ ራሱ ይምጣ። በተናገረበት ቦታ፣ በገበያ ቀን፣ በራሱ አፍ ይናገር። ማንም አይናገርለት።»

ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ተመለሱ። በዳይ ራሱ ሲናገር የት ታይቷል፣ ነውር ነው አሉ። አንዱማ «ፕሮፌሰር ሆነህ ገበያ መሐል ልትዋረድ ነው?» አለኝ። እሺ ብያለሁ። መጋቢት 6 ቀን ነው። ፈርቻለሁ፣ ረሻድ፤ ሃያ ዓመት ስናገር ኖሬ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። አንተ ምንም እንድትናገር አልጠይቅህም። ከጎኔ ብትቀመጥ ይበቃኛል።

ከድር


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 3 ቀን 2017

ከድር፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ የምመጣበት ቀን አልፏል። ናስረዲንን ሆሳዕና መናኸሪያ እንዳቆምኩት ሰምቻለሁ፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ሻንጣዬን አስረክቤ ነበር። የናቴ መድኃኒት፣ ለናስረዲን ልጆች ጫማ፣ ላንተ ጃኬት ይዤ ነበር። ስማችንን እየጠሩ ሲያስገቡ ወረፋ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ሰው ከዱራሜ ነው፤ ወሬ ሲጀምር የት ነው አገርህ አለኝ። ሆሳዕና አልኩት። የማን ልጅ አለኝ። የሃጂ ፈትሁዲን ስል «ያ ወንበር የሰጡት ደግ ሰው!» ብሎ እጄን ሁለት ጊዜ ሳመኝ። ከወረፋው ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ሻንጣው ያለኔ አዲስ አበባ ደረሰ አሉ።

አትስደበኝ፤ ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።

ለእናቴ የምትለውን ፈልግላቸው። ቪዛ በለው፣ ሕመም በለው። አንተ የምትለው አታጣም።

ረሻድ


ሆሳዕና
መጋቢት 15 ቀን 2017

ረሻድ፣

ለእናትህ የምለው አጣሁ።

ደብዳቤህ በተጓዥ እጅ በፍጥነት ደርሶኝ፣ አዲሎ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው ቤታችሁ የሄድኩት። ቪዛ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አዲስ የተቀባውን ክፍል እያሳዩኝ «መጋረጃው ይወደዋል?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ ቆርቆሮውን፣ አረቄውን፣ ለአባትህ የዘለልኩትን፣ አንተ መስማትህን። አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ሰውየው ስንት ልጆች ነበሩት?» አሉኝ። አራት አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ናስረዲን መኪናውን አስነሥቶ ሳለ ጥቁር ሻርፓቸውን ተከናንበው ወጡና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የቆምነው ያኔ በቆምንበት ቦታ ነው። ገበያው ሞልቶ ነበር። ያኔ ልጆች የነበሩ አሁን ልጅ አዝለዋል። ሴትየዋ ከአራት ልጆቿ ጋር ትይዩ ቆማለች፤ ገነቴ በስተግራዋ። እናትህ ወደፊት አለፉና አንተ አንገትህን ደፍተህ የተቀመጥክበት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። መቀመጫ ዱካ ሲያመጡላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ቦታህ ባዶ አልቀረም፣ ረሻድ። ይህን የምነግርህ ልወጋህ ብዬ አይደለም፤ ካልነገርኩህ ግን ያን የዘለልኩትን መስመር እንደገና መዝለል ይሆንብኛል።

ኪሴ ውስጥ የተዘጋጀ ወረቀት ነበር፤ አላወጣሁትም። በከምባትኛ እንዲህ አልኩ፦ «ዳኘ አልጠጣም ነበር። ከአረቄ ቤት ሲወጣ ያየው ሰው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ከአስፋልቱ ውጪ ነበር የሚሄደው፣ ጥፋት አልነበረበትም።» ከዚያ በኋላ መቀጠል አቃተኝ። የሚጨምር ሰው ጠበቅኩ፤ ማንም አይናገርለት ተብሏልና ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ሚዛናቸውን ትተው ቆመው ያዩኝ ነበር። እንደዚያ ቆሜ ቀረሁ።

ሴትየዋ ቀረበችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው የሰሙት።

«ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ከደም በቀር ሽታ አልነበረውም። አፍንጫዬ ያውቅ ነበር። አንተ ስትናገር ግን አመንኩህ፤ አነጋገርህ ያምር ነበር። ምናልባት ከእኔ ደብቆ ይሆናል አልኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ከሞተ ሰው ጋር ተጣልቼ ኖርኩ።»

ስሙን ያጠፋሁት በሠፈሩ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ግን ጠርጥሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪዎቼን ሰው በቃል ይታመናል እያልኩ ሳስተምር የገዛ ሚስቱ በባሏ ላይ እንዳመነችኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ እናትህ ዞራ ማን እንደሆኑ ጠየቀች። «የሾፌሩ እናት ነኝ» አሉ፤ ናስረዲን አስተረጎመ። «ልጅሽስ?» አለቻቸው። እናትህ ቀና ሳይሉ «አፍሮ ቀረ» አሉ። ሴትየዋ «እኔም አፍሬ ነው የኖርኩት» አለቻቸው። እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ይቅር አልልም አላለችም። ልጆቿን ይዛ ሄደች፤ ሕዝቡም ወደ ገበያው ተመለሰ።

ወንበሩን በሰኞው ለቅቄያለሁ። ወቅፉ ይቀጥላል፤ እናትህ «የሃጂ ገንዘብ ንጹሕ ነው፣ የቆሸሸው አፋችሁ ነው» ብለዋል፣ እኔም እስማማለሁ። ዐሥረኛው ገጽ ላይ ገነቴ የሠራችው ሁለቱ ዓምድ እንዳለ ይገባል፤ ባዶው መስመር ባዶ ሆኖ፣ ከሥሩ መጋቢት 6 ቀን አዲሎ ላይ ያልኩት። የዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ግንኙነት «ብናሳጥረውስ?» ብሎ ነበር። እሷ እምቢ አለች፣ እኔ ከለቀቅኩ ወዲህ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ስሟ ነውና ተሸነፉላት። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከወንበሩ የተላከ አይደለም። ከከድር ለረሻድ ነው።

ገነቴ ትናንት የቢሮውን ቁልፍ ልትቀበለኝ መጣች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ከገበያው ሲመለሱ እናቷ ወደ ቤት እንዳልሄደች ነገረችኝ። ወደ መቃብሩ ነው የሄደችው። ዳኘ ከተቀበረ ጀምሮ እግሯ ረግጦት አያውቅም ነበር። በእነሱ እምነት ከሞተ ሰው ጋር አይወራም፤ እናቷ ግን ሳሩ ላይ ተቀምጣ በስሙ ጠራችው። «ያላመንኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አለችው።

እኔ ያን ዕለት ሕዝብ ፊት ቆሜ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ረሻድ። አንተም ከዚያ ሆነህ አላልከውም። ከሁላችን መሐል ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት።

ከድር